ፋታ የሌለው ምክር፣ ፋታው የተቆረጠበት ተረት፦ የአንድ ክር 17 መልሶች

ክሩን፣ ማለትም በድረ ገጽ ላይ በተራ የሚጻፈውን ውይይት፣ የከፈተው አድማጭ ጥያቄ ይዞ አልመጣም፤ ፍርድ ይዞ ነው የመጣው። የልጆች የድምፅ መጻሕፍት ከራስ አገዝ መጻሕፍት፣ ራስህን እንዲህ አሻሽል ከሚሉት የምክር መጻሕፍት፣ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ተሠርተዋል ይላል፤ ልዩነቱን የሚለካውም በፋታ ነው። ጥሩ የልጆች ተራኪ ጅቡ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ዝም ይላል፤ ልጁም በዚያች ዝምታ ውስጥ የሚመጣውን ይገምታል። የራስ አገዝ ተራኪ ግን አድማጩን ብዕር አንሥተህ የምትፈራቸውን ሦስት ነገሮች ጻፍ ይለውና አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ወደ ሌላ ጉዳይ ይገባል። በወረቀቱ ላይ ባዶ መስመር ሆኖ የተተወው ቦታ ቀረጻው ውስጥ የለም። ስለዚህ የራስ አገዝ መጽሐፍን በድምፅ መስማት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚቃወም ካለ በዝርዝር ያስረዳኝ ብሎ ይዘጋል።

በዝርዝር የሚያስረዳ አልጠፋም። መልሶቹን በተራቸው አስቀምጣለሁ፤ ከርዕሱ የወጡትንም አልዘለልኩም፤ ከእነሱ መካከል ከዋናው ክርክር የበለጠ የሚጠቅሙ አሉና።

1ኛው መልስ በትሕትና ይስማማል፤ ጸሐፊውን እርስዎ እያለ። የሚጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የልጆች ቀረጻ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ስለሆነ አዘጋጁ እያንዳንዷን ዝምታ በጆሮው ሊመዝን ይችላል። የ6 ሰዓት መጽሐፍ ላይ ያንን ትዕግሥት ማንም አያገኝም።

2ኛዋ መልስ ሰጪ ተራኪውን ነፃ ታወጣለች። ጥፋቱ የተራኪው ሳይሆን የኤዲተሩ ነው፤ ከኤዲተሩም በላይ የክፍያው ነው ባይ ናት። ተራኪ በሰፊው የሚከፈለው በተጠናቀቀ ሰዓት ሒሳብ ነው፤ ማለትም አድማጩ ዘንድ በሚደርሰው ርዝመት። አንድ የተጠናቀቀ ሰዓት ለማውጣት ንባቡ፣ ኤዲቱ፣ የስሕተት ማጣሪያ ማዳመጡና የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ተደምረው ወደ 6 ሰዓት ሥራ ይወስዳሉ። አሳታሚ በእያንዳንዱ መልመጃ ላይ 20 ሰከንድ ዝምታ ቢያስገባ ለዝምታውም እንደሚከፍል ስለሚያውቅ ኤዲተሩን አጥብበው ይለዋል። ትንፋሹ ተቆርጦ ይወጣል፤ በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ያለው አንድ ሰከንድ ተኩል ወደ ግማሽ ሰከንድ ይወርዳል፤ አድማጩ ያልተነፈሰ ሰው ሲናገር ይሰማል። ይህ መልስ ከሁሉ ብዙ ድጋፍ ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ ክሩን ከወቀሳ ወደ አሠራር ያዞረው እሱ ነው።

3ኛው ሁለቱንም ያርማል፤ ፋታው ቀረጻው ውስጥ እያለም በማጫወቻው ሊጠፋ ይችላል ይላል። አንዳንድ መተግበሪያዎች ዝምታን የሚቆርጥ ቅንብር አላቸው፤ አንዴ ከተከፈተ ለሁሉም መጽሐፍ ሊሠራ ይችላል። የፍጥነቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው፦ አባት የራስ አገዝ መጽሐፉን በ1.5 ፍጥነት ሲሰማ ከቆየ ማታ ለልጁ የሚከፍተው ተረትም በ1.5 ይሮጣል፤ ልጁ ለምን እንደሰለቸው ማንም አይገባውም። የሰጠው ማጣሪያ ቀላል ነው። ሰዓት ይዞ የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ማጫወት፤ የመጽሐፉ ቆጣሪ 60 ሰከንድ ሲሞላ የእጅ ሰዓቱ 50 ካሳየ ወይ ፍጥነቱ ተነካክቷል ወይ ዝምታው እየተቆረጠ ነው። ፍጥነቱ 1.0 ላይ ከሆነ ተጠያቂው ዝምታ ቆራጩ ነው። መፍትሔውም ለልጆች መጻሕፍት የተለየ መለያ መክፈት፣ መተግበሪያው ከፈቀደም ቅንብሩን በየመጽሐፉ ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

4ኛው የቀረጻ ሰው መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። ፋታ ማለት ባዶ ፋይል አይደለም ብሎ ይነሣል። ኤዲተሩ ትንፋሹን ቆርጦ በቦታው ፍጹም ዝምታ ከተከለ፣ ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ሰው መሣሪያው የጠፋ ይመስለዋል፤ ድምፁ ሲመለስ ደግሞ የክፍሉ ጭላጭ ሹክሹክታ አብሮ ብቅ ይላል፤ ይህ መጥፋትና መመለስ በየዓረፍተ ነገሩ ሲደጋገም ያደክማል። ትክክለኛው አሠራር ከንባቡ በፊት ተራኪው ዝም ብሎ ተቀምጦ የክፍሉን ድምፅ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ መቅዳትና ፋታዎቹን በዚያ መሙላት ነው። ኖይዝ ጌት የሚባለውን፣ ዝቅ ያለ ድምፅን የሚዘጋ ማጣሪያ በግዴለሽነት የሚጭን ሰው የቃላትን ጭራ እንደሚበላም ያስጠነቅቃል። ቁጥሮችንም ያስቀምጣል፤ የኤሲኤክስ (ቀረጻ ወደ ኦዲብል የድምፅ መጻሕፍት መደብር የሚገባበት መድረክ) መስፈርት ተብለው የሚታወቁትን፤ በቀረጻ ዴሲቤል ዜሮ ጣሪያው ስለሆነ ቁጥሮቹ ከዜሮ በታች ናቸው፦ አማካይ የድምፅ ጉልበት ከ-23 እስከ -18 ዴሲቤል፣ ጫፉ ከ-3 የማያልፍ፣ የክፍሉ ጫጫታ ከ-60 በታች፣ ፋይሉ ኤምፒ3 ሆኖ በሰከንድ ቢያንስ 192 ኪሎቢት፣ እያንዳንዱ ፋይልም ከ120 ደቂቃ ያልበለጠ። ሲከፈትም ሲዘጋም አጭር የክፍል ድምፅ ይፈለጋል። ልብ በሉ ይላል፤ መስፈርቱ ለፋይሉ ጫፎች እንጂ መሐል ላለው ፋታ ርዝመት ቁጥር አያስቀምጥም። ስለዚህ ፈተናውን ሁሉ ያለፈ ፋይል ለመስማት የማይቻል ሊሆን ይችላል።

5ኛዋ ወደ ራስ አገዝ ትመለሳለች፤ በእኔ ግምት ክሩ ውስጥ ለአድማጭ ከሁሉ የሚጠቅመው የእሷ ነው። መጽሐፉ ፋታ ካልሰጠ አድማጩ ራሱ ይስጠው ነው ነገሯ። 6 ሰዓት የሚፈጅን መጽሐፍ በሁለት ቀን መጨረስ ሬዲዮ ከመስማት አይለይም። በ25 ደቂቃ ቢከፋፈል ከ14 እስከ 15 ጊዜ ይሆናል፤ ያ ይበቃል። አካሄዷ ይኸው ነው። መጀመሪያ የምዕራፎቹን ዝርዝር አይቶ ታሪክ የሚያወሩትንና ሥራ የሚያዝዙትን መለየት፤ ታሪኮቹ በእግር ጉዞ ላይ በ1.25 ፍጥነት ቢሰሙ የሚጎዳ ነገር የለም። ሥራ የሚያዝዘው ምዕራፍ ግን ቁጭ ብሎ፣ እጅ ነፃ ሆኖ፣ በ1.0 ይሰማል። መልመጃው እንደተነገረ ማቆም፤ ዕልባት ማድረግ፤ በዕልባቱ ማስታወሻ ላይ የምዕራፉን ስም ሳይሆን የሚደረገውን ነገር በግሥ መጻፍ። ትርጉም የሌለው ዕልባት ሲከማች ማንም ተመልሶ አይከፍተውም፤ አድማጮች በዕልባት የሚሰላቹትም በዚህ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ከመጀመር በፊት ያለፈውን ዕልባት 30 ሰከንድ ወደኋላ መልሶ ማዳመጥ። ሠንጠረዥ ወይም ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ አብሮ የሚመጣ የፒዲኤፍ ፋይል መኖሩን ከመግዛት በፊት ማየት፤ ተራኪው በገጽ 47 ያለውን ሠንጠረዥ ተመልከቱ ሲል ገጽ የሌለው ሰው ምን ይመለከታል?

6ኛው ይህን ሁሉ አንብቦ በአጭሩ ይቀልዳል፦ ይህን ያህል ከተለፋ ወረቀቱን ማንበብ አይቀልም ወይ? ልክ ነው ብዬ አልወስደውም፤ እጁ ሥራ ላይ ያለ፣ ዓይኑ የሚደክም፣ ፊደል ሲያነብ የሚቸገር ሰው አለ። ግን ቀልዱ 7ኛውን ቀሰቀሰ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ይባባል ነበር። 7ኛው በአንተ ገባ። ከፋቹን ያልገባህን ነገር አታጣጥል ይለዋል፤ 6ኛውንም አብሮ ይገርፋል። ማዳመጥና ማንበብ አንድ መሆናቸው በጥናት ተረጋግጧል ብሎ የ2016ን ጥናት ይጠራል፤ አዋቂዎች ያንኑ ጽሑፍ አንዳንዶቹ ሰምተው፣ አንዳንዶቹ አንብበው፣ አንዳንዶቹ እየሰሙ አንብበው ሲፈተኑ ልዩነት አልታየም፤ ከ2 ሳምንት በኋላም እንዲሁ።

8ኛዋ ሳትቆጣ ትመልስለታለች፤ አለመቆጣቷ ግን ከቁጣ ይብሳል። ጥናቱን እስከ መጨረሻው ላላነበበ ሰው አንድ ነገር ላስታውስ ትላለች፦ የ2016ቱ ተሳታፊዎች የሰሙት በታሪክ መልክ የተተረከ እውነተኛ ታሪክ ነው። በ2010 የወጣው ሌላ ጥናት ግን ተማሪዎችን የትምህርት ጽሑፍ በድምፅ አሰምቶ ሲፈትናቸው ካነበቡት ያነሰ ነጥብ አገኙ። በ2013 የወጣው ደግሞ ጮክ ብሎ ማንበብን፣ በልብ ማንበብንና ማዳመጥን አነጻጽሮ ሐሳብ አብዝቶ የሚባዝነው በማዳመጥ ጊዜ ሆኖ አግኝቶታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንባቢ ሐሳቡ ከሄደበት ሲመለስ ዓይኑ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ መስመሩ እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። ድምፅ ግን አይጠብቅም፤ አድማጩ ሲመለስ ሁለት ዓረፍተ ነገር አልፏል፤ ስልኩን ከኪስ አውጥቶ ወደኋላ መመለስም አይሆንለትም። ታሪክ ከሆነ ያመለጠውን ከቀጣዩ ይገምታል፤ ትምህርት ከሆነ ግን አንዱ ደረጃ ከጎደለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ከፋቹ በጆሮው የደረሰበትን እሷ ምክንያቱን ሰጠችው፦ ምክር ከተረት የበለጠ ፋታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

9ኛው ያንን ሰንሰለት የሚለውን ቃል ይዞ ስለ ፍጥነት ማውራት ጀመረ፤ በ2.0 የሚሰማ ሰው ጎበዝ አዳማጭ ነው የሚል ይመስላል። 10ኛዋ ቆም አደረገችው። የዘመኑ መተግበሪያ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁን አያቀጥነውም፤ ጥቃቅን ቁርጥራጭ ድምፆችን እየጣለ ያቀራርባል እንጂ። ከ1.5 በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚጎዱት አጫጭር ድምፆች ናቸው፤ በእኛ ቋንቋ ደግሞ አንድ ፊደል መጥበቁና መላላቱ ትርጉም ስለሚለውጥ ጆሮ የሚሠራው ሥራ ይበዛል። ለልጅ ከ1.0 በላይ ፈጽሞ አይሆንም፤ 0.9 ግን ለአንዳንዱ ፈጣን ተራኪ ደህና ነው፤ ከ0.8 ሲወርድ ድምፁ እንደ ሰካራም ይጎተታል።

11ኛው መጥበቅና መላላት ሲነሣ ዝም ማለት አልቻለም፤ ከርዕስ ቢወጣም በጎ አደረገ። ጽሑፉ ማጥበቂያ ምልክት ስለሌለው ተራኪው ገናን፣ ዋናን፣ አለን በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው የሚገባው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቃሉን ተናግሮታል። ስለዚህ ከቀረጻው በፊት ጽሑፉን በእርሳስ ማለፍና የሚጠብቀውን ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ማድረግ ግድ ነው። ከማይኩ ጋር ስላለ ጠብም አነሣ። ፖፕ ፊልተር፣ ማይኩ ፊት የሚቆመው መረብ፣ የሚያቆመው ከአፍ የሚወጣውን አየር ነው፤ ለፐና ለበ ይረዳል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ግን ፈንጂ ድምፆች ናቸው፤ አየራቸው ጥቂት፣ ፍንዳታቸው ስል ነው፤ ፊልተሩን አልፈው ይገባሉ። መድኃኒቱ ማይኩን ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ማራቅ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ማዞር፣ ሲቀዳም ጫፉ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ቦታ መተው ነው። ለደረቅ አፍ ጠቅታ ደግሞ ውኃና ቁራጭ አረንጓዴ ፖም፤ በተራኪዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

12ኛዋ እናት ይመስሉኛል፤ ከአነጋገራቸው ልገምት እንጂ ስለ ራሳቸው አልጻፉም። ከፋቹ የልጆቹን መጻሕፍት ከልክ በላይ አሞግሷል ይላሉ። እውነት ነው። የልጆች ቀረጻ የራሱ በሽታ አለው፤ ሙዚቃው። ጀርባ ላይ ያለው ዜማ ከተራኪው ድምፅ ቢያንስ 20 ዴሲቤል መውረድ አለበት፤ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም ያስቀመጠው ይህንኑ ልክ ነው፤ ለጆሮ አራት እጥፍ ያህል ያነሰ ማለት ነው። ብዙዎቹ ግን ከ8 እስከ 10 ብቻ ያወርዱታል፤ አዋቂ የጎደለውን ቃል በልምዱ ይሞላል፤ የ4 ዓመት ልጅ ግን ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰማ ስለሆነ የሚሞላበት ነገር የለውም። ሁለተኛው በሽታ የገጸ ባሕርያቱ ድምፅ ነው። ተራኪው በመጀመሪያ ምዕራፍ ለጦጣዋ ቀጭን ድምፅ ሰጥቶ ከ3 ቀን በኋላ ሲመለስ ይረሳዋል፤ ልጅ ግን አይረሳም። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የ10 ሰከንድ ናሙና ቀድቶ ማስቀመጥና በየቀረጻው መጀመሪያ መስማት ይህንን ያስቀራል። ሥዕል ያለው መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ ገጽ ግለጡ የሚለው ደወል ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ከመጣ ልጁ ሥዕሉን ሳያይ ይገልጣል፤ ከመጨረሻው ቃል በኋላ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ቆይቶ ይምጣ።

13ኛው መልስ ስለ ጆሮ ጤና ነው፤ ማንም አልጠየቀውም፤ ግን ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ ልተወው አልፈለግሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው ልክ 75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ለአዋቂ 80። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 78 ላይ 20 ሰዓት፣ 81 ላይ 10 ሰዓት። ተረት ለብቻ በጆሮ ማዳመጫ ከመስማት በትንሽ ድምፅ ማጉያ ክፍሉ ውስጥ መስማት ይሻላል የሚለውን ጨመረ፤ ወላጁም አብሮ ስለሚሰማ ሙዚቃው መብዛቱን ያውቀዋል።

14ኛው ለእንቅልፍ ሰዓት መላ ሰጠ። የእንቅልፍ ቆጣሪው በደቂቃ ሲሆን ተረቱን መሐል ላይ ይቆርጠዋል፤ ልጁ ሊተኛ ሲል ነቅቶ ምን ሆነ ብሎ ይጠይቃል። በምዕራፍ መጨረሻ የሚለውን መምረጥ ነው። ፋይሉ ምዕራፍ ያልተከፈለበት አንድ ረጅም ኤምፒ3 ከሆነ ያ ምርጫ አይሠራም፤ ኤም4ቢ የሚባለው ዓይነት ምዕራፎቹን ይዞ ይመጣል። መጠን ለሚያስጨንቀውም፦ ንግግር በአንድ ቻናልና በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሲቀመጥ ሰዓቱ 29 ሜጋ ባይት ያህል ነው፤ 192 ሲሆን 86።

15ኛዋ ዓይነ ስውራን አድማጮች የተረሱበት ክር ነው ብላ ገባች፤ ቃሏ ስል ነበር፤ ምክንያት አላት። የድምፅ መጽሐፍ የተጀመረው ለሰነፍ አንባቢ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት የሚያቀርበው ሕግ በ1931 ሲወጣ ለአዋቂዎች ብቻ ነበር፤ በሸክላ የተቀዱ መጻሕፍት በ1934 መሠራጨት ሲጀምሩም ልጆች አልተካተቱም፤ አዋቂ የሚለው ቃል ከሕጉ የወጣው በ1952 ነው። ዛሬ ዴዚ የሚባለው አሠራር በምዕራፍ፣ በንዑስ ርዕስ፣ በገጽ እየዘለሉ ለመሄድ ያስችላል፤ 5ኛዋ በዕልባት የደከመችበትን ነገር እዚያ መጽሐፉ ራሱ ይዞት ይመጣል። 7ኛው ይህን ሲያነብ ዝም አለ፤ ወይም ተኝቶ ነበር።

16ኛው የከፋቹ መመለሻ ነው። በፍርዱ ጸንቷል፤ ጥያቄውን ግን አጠበበው፦ መልመጃው ካለቀ በኋላ አጭር ደወል ቢገባ፣ አድማጩ አሁን አቁም ማለት እንደሆነ ቢያውቅ አይበቃም ወይ? ዝምታ አልተጨመረም፤ አሳታሚው አልከሠረም።

17ኛዋ፣ 2ኛውን መልስ የጻፈችው ራሷ ናት፣ ደወሉን አልወደደችውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ይረዳል፤ መጽሐፉ ሲደገም ያናድዳል፤ መኪና የሚነዳ ሰውም ሲደነግጥ ስልኩን ይነካካል። ይልቅስ መልመጃው ለብቻው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ የሚሆን ምዕራፍ ይሁን ትላለች፤ ስሙ በዝርዝሩ ላይ መልመጃ ብሎ ይጻፍ፤ ትእዛዙ ይነገር፣ ከዚያ 30 ሰከንድ የክፍል ድምፅ፣ ከዚያ ትእዛዙ አንድ ጊዜ ይደገም። የሚሠራው ሰው ደጋግሞ ያጫውተዋል፤ የማይሠራው አንድ ጊዜ ተጭኖ ያልፈዋል። ለ10 መልመጃ የሚጨመረው የክፍል ድምፅ 5 ደቂቃ ነው፤ እሱን ለመክፈል የሚሳሳ አሳታሚ ካለ ዋጋውን ከተራኪው ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ በኤዲት ጊዜ ግን ፋታውን አይንካው።